የሚጠራለት ሰው የሌለው ልጅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጎንደር

ለ፦ በጎንደር ከተማ በፖሊስ፣ በዐቃቤ ሕግና በዳኝነት ሥራ ላይ ላላችሁ፤ ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች፤ ለእድር ዳኞች፣ ለሰበካ ጉባኤና ለመስጊድ ኮሚቴ አባላት

ጉዳዩ፦ ጎዳና የሚያድሩ ልጆችንና ወጣቶችን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ፍርድ ቤት አጠገብ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝና የዋስትና ማመልከቻ በመጻፍ እተዳደራለሁ። ይህንን ያጻፈኝ ባለጉዳይ የለም፤ ሒሳብም አልተቀበልኩበትም። አጻጻፌ ወደ ማመልከቻ ወግ ካደላ የሥራ ልማድ ነውና ታገሡኝ።

የምጽፍላችሁ ፒያሳ በረንዳ ላይ፣ መናኸሪያው ዙሪያና ቅዳሜ ገበያ ሱቆች ጥግ ስለሚያድሩት ልጆች ነው። ስለ እነሱ ወሬ ሲነሣ ብዙው ሰው አንድ ታሪክ ነው የሚናገረው፦ ጎዳና ወጡ፣ ማስቲሽ ሳቡ፣ ሌባ ሆኑ፣ ታሰሩ። እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ የማየው እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። የሚሰርቁ አሉ ወይ? አሉ። የምሸፋፍንበት ምክንያት የለኝም፤ ስልኩን የተነጠቀውም ሰው ማመልከቻ የሚያጽፈው እኔው ዘንድ ነው። ግን ቤትና ወላጅ ያለውም ልጅ ይሰርቃል፣ ይደባደባል፣ መስታወት ይሰብራል። ሁለቱ የሚለያዩት ከተያዙ በኋላ ነው።

አንድ ጉዳይ ላንሣ፤ ጣቢያው የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሁለት ልጆች የቆመ መኪና ስፖኪዮ ሲነቅሉ አብረው ተያዙ። አንዱ ማራኪ አካባቢ ቤተሰብ ያለው ተማሪ ነው፤ ሌላው በረንዳ አዳሪ። አመሻሽ ላይ የተማሪው አባት ከአጎትየው ጋር መጡ። ባለመኪናውን በሽማግሌ አነጋገሩት፣ የስፖኪዮውን ዋጋ ከፈሉት፣ እሱም ነገሩን መግፋት አልፈለገም፤ ፈርመው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ልጁ በሩን ሳይወጣ ከአባቱ አንድ ጥፊ ቀምሷል፤ ቅጣቱም ያችው ሆነች። ሌላውን ተረኛው «ማን ይጠራልህ?» ሲል ጠየቀው። ልጁ አሰብ አደረገና ትራፊ የምታወጣለትን የአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ስም ጠራ። ስልኳን አያውቅም፤ የአባቷንም ስም አያውቅም። ተረኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ እንኳ አስመጥቶለታል። ግን መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው ስም አጣ። ልጁ እዚያው አደረ፣ በማግሥቱም አደረ፣ ከዚያ የምርመራ መዝገብ ተከፈተበት። ስፖኪዮዋ አንድ፣ እጆቹ የሁለት ልጆች፣ ተከሳሹ ግን አንድ ብቻ።

ሕጉ ይህን ሳያስብ ቀርቶ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 የተያዘ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ ያዛል። ጉዳዩ በቀጠሮ የሚቆይ ከሆነም ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነሱ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን ሊያቀርበው ኃላፊነት ለሚወስድ የታመነ ሰው ይሰጣል። ይህን ያረቀቁት ሰዎች አንድ ቀን ወላጅም ዘመድም የሌለው ልጅ እንደሚመጣ ታይቷቸው ነበር። ያን የታመነ ሰው ፈልጎ ማዘጋጀት የማን ሥራ እንደሆነ ግን እኔ እስካሁን ያሳየኝ የለም። ፖሊሱ የፍርድ ቤት ነው ይላል፣ ፍርድ ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ነው ይላል፣ እዚያ ስትሄዱ ደግሞ ባለሙያዋ መስክ ወጥታለች።

ዕድሜው ከፍ ያለውን እንይ፤ 16 ወይም 17 የሆነውን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ማንም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል፤ የዋስ መብትም ይሰጠዋል። ያው የ1954ቱ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 67 አመልካቹ የዋስትና ግዴታውን የሚፈጽም የማይመስል ከሆነ ዳኛው ሊከለክለው እንደሚችል ይናገራል። በረንዳ በሚያድር ልጅ ላይ ይህን ለመጠርጠር ብዙ ማሰላሰል አያስፈልግም። «ቋሚ አድራሻ አለህ?» የምትለዋ ጥያቄ ትበቃለች። ዳኛው ራርተው ሁለት ሺህ ብር አስይዞ ይውጣ ቢሉስ? ለብዙዎቻችን በአንድ ስልክ ጥሪ የሚገኝ ገንዘብ ነው፤ እሱ የሚደውልበትም የሚደውልለትም የለውም። እኔም የዋስትናውን ማመልከቻ ስጽፍ «አድራሻ፦ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። አንዱ ልጅ ሲቸግረኝ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ከባንኩ በረንዳ ብለህ ጻፍ፤ ሁልጊዜ እዚያው ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። በየሦስት ወሩ ቤት ከሚለቅ ተከራይ እሱ ይበልጥ ቋሚ ነው። መዝገብ ቤት ግን በረንዳን እንደ አድራሻ አይቀበልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 አለ። ሥራ መሥራት እየቻለ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውና አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች የተገኘ ሰው በዚህ ይጠየቃል፤ በዚህ የተጠረጠረ ሰው ደግሞ በዋስ አይለቀቅም። የአዋጁን ዓላማ ልነቅፍ አልተነሣሁም፤ አላፊ አግዳሚውን የሚያስፈራራ፣ በቡድን ሆኖ የሚዘርፍ አለ። ነገር ግን «የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው» ሲባል ከተማው ውስጥ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ማን እንደሆነ ለናንተ መንገር የለብኝም። መኝታው ደጅ፣ ምግቡ ደጅ፣ ሽንቱ ደጅ፣ ጠቡም ደጅ ነው። ሌላው ሰው በሩን ዘግቶ የሚያደርገውን እሱ በእናንተ ፊት ያደርጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅና ከተማው በሰዓት እላፊ ሲያድር አንድ ሊስትሮ፣ «ቤታችሁ ግቡ እያሉ ነው፤ እኛን የትኛው ይሆን ያሉን?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ሊቀልድ ብሎ አልነበረም። ጠይቆ መልሱን ይጠብቅ ነበር።

ወደ ዕድሜ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ሲጎዱ አያለሁና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጨርሶ አይጠይቀውም። ከ9 እስከ 15 ያለው ለአዋቂ የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይነካውም፣ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም አይታሰርም። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፤ ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል እንጂ መንገዱ የአዋቂ ነው። እንግዲህ የአንድ ዓመት ስሕተት ልጁን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይወረውረዋል ማለት ነው። ዕድሜውን በምን እናውቅ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ዛሬ ጉርምስና ላይ ያሉት ሁሉ ቀድመው የተወለዱ ናቸው። ቤት ያለው ልጅ ሲያዝ እናቱ የክርስትናውን ወረቀት፣ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬቱን ከሣጥን ሥር አውጥታ እየሮጠች ትመጣለች። የበረንዳው ልጅ ያለው ወሬ ብቻ ነው። አንዱን ስጠይቀው፣ «መለስ የሞተ ጊዜ እማዬ እኔን እርጉዝ ነበረች፤ ሬዲዮኑን ሲሰሙ ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰ ብላኛለች» አለኝ። መለስ ዜናዊ ያረፉት በነሐሴ 2004 ነውና ልጁ የተወለደው በ2005 ቢሆን ነው። መዝገቡ ላይ ግን 17 ተብሏል። ብርድና ረሃብ ያደረበት ፊት ከዕድሜው በላይ ይጎለምሳል፤ ድምፁም በማስቲሽ ጎርንኗል። ሐኪም ቤት ተልኮ ዕድሜው ይታይለት ብዬ ጻፍኩ፤ ወረቀቱ ተመልሶ እስኪመጣ ልጁ ከማን ጋር እንደቆየ ብናገር ደስ አይላችሁም።

ደግሞ ልጅነቱ ቢረጋገጥለትስ የት ይላካል? ሕጉ ለልጅ ያስቀመጣቸው እርምጃዎች ደጎች ናቸው፦ ለዘመድ ወይም ለታመነ ሰው ተሰጥቶ በቁጥጥር ማደግ፣ ወቀሳና ተግሣጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት። በቤት ተወስኖ ለመቆየት ቤት ያስፈልጋል። ጠባይ ማረሚያው ደግሞ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የነበረው አንድ ብቻ ሆኖ እሱም አዲስ አበባ ነው። ከዝርዝሩ ለበረንዳው ልጅ የምትተርፈው ተግሣጽ ብቻ ናት፤ ተገሥጾ ወጥቶ የሚመለሰው እዚያው በረንዳ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ሲጠፋም መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ፊቱ ታውቋል።

ጎንደር ቤት የሌለውን ልጅ ማኖር የማታውቅ ከተማ ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ታውቅበታለች፤ ለዘመናት ስታኖር ኖራለች። የበዓታን ቤተ ክርስቲያን አስቡ። አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ሊማሩ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከላስታ የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ድሆች ናቸው፣ ይራባሉ፣ ውሻ ይነክሳቸዋል። ዕድሜያቸው ከበረንዳው ልጅ ጋር እኩያ ነው፤ ከወላጆቻቸው ተደብቀው ኮብልለው የመጡም በመካከላቸው አይጠፉም። ማንም ግን ቦዘኔ ብሏቸው አያውቅም። ጥፋት የለባቸውም እንዳትሉ ደግሞ፣ የሰው እሸት የጠበሰ፣ የሰው ዶሮ ያነቀ የቆሎ ተማሪ ወሬ በየደብሩ አለ። ያን ጊዜ ባለ ዶሮዋ እየተራገመች የምትሄደው ጣቢያ አይደለም፤ የኔታ ዘንድ ነው። የኔታም ልጁን ያስጠራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይቀጣሉ፣ እግሯ ላይ አስወድቀው ይቅርታ ያስጠይቁታል። ነገሩ እዚያው ያልቃል። የቆሎ ተማሪውን ከጣቢያ የሚያድነው ከሌላው ልጅ ይበልጥ ጨዋ መሆኑ አይደለም። «ይኸውልዎ የእርስዎ ልጅ የሠራው!» ተብለው የሚወቀሱለት አንድ አባት ስላሉት ነው።

እሱ እኮ ይማራል፣ ያኛው ማስቲሽ ይስባል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ክረምት ላይ ሌሊቱን በማዳበሪያ ውስጥ ያደረ ልጅ ማስቲሹ ብርዱንና ረሃቡን እንደሚያስረሳው ይናገራል፤ ከዚያ በላይ ስለዚህ የማውቀው ነገር የለም፤ ሐኪሞቹ ይናገሩ።

ከየት እንደሚመጡ ግን አውቃለሁ፤ ማመልከቻ ላይ የትውልድ ቦታ እጽፋለሁና። በለሳ፣ ጃናሞራ፣ ወገራ፣ ደምቢያ። ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ መተማና ሑመራ ወርደው ሲመለሱ እዚህ የቀሩ አሉ፤ አንዳንዱን ወባ ወይም ካላዛር ጥሎት ለሕክምና ጎንደር ያመጡት ነው። ሲድን መሳፈሪያ የለውም። ቢኖረውም ባዶ እጁን እናቱ ደጅ መቆም ያፍራል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የጦርነቱ ተፈናቃዮች ተጨመሩ፤ ከዚያ በኋላም በክልሉ ግጭት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው መጡ። እነዚህ ልጆች መታወቂያ የላቸውም። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ የቤት ቁጥር ይጠይቃል። መታወቂያ የሌለው ሲም ካርድ አያወጣም፣ ቀን ሥራ የሚቀጥረው አያገኝም፣ ፍተሻ ላይ ሲደርስ ደግሞ በዚህ ጊዜ ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር ታውቃላችሁ። ሥራ ያጣ ልጅ አንድ ሰው መጥቶ «ይህችን ዕቃ አዘዞ አድርስልኝ፣ መቶ ብር እሰጥሃለሁ» ቢለው ፌስታሉን ከፍቶ አይመረምርም። ዕቃው የተሰረቀ ሆኖ ሲገኝ የሚያዘው ተሸካሚው ነው። ላኪውን ማንም አያውቀውም፤ ልጁም ቢያውቀው አይናገርም፣ ነገ ማታ እዚያው በረንዳ ላይ ያገኘዋልና።

ሴቶቹን ልብ የሚል ጥቂት ነው፤ በረንዳ ላይ እምብዛም አይታዩም። መንገዳቸው ሌላ ነው። በደላላ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትገባ ልጅ አለች፤ ደመወዟን አሠሪዋ «አጠራቅምልሻለሁ» ይሏታል። አንድ ሌሊት በዱላም ይሁን ከዱላ በከፋ ምክንያት ልብሷን በፌስታል ይዛ ትወጣለች። ሲነጋ አሠሪዋ ሐብል ጠፋኝ ብለው ያመለክታሉ። ከእነዚህ አንዷን አግኝቻታለሁ። ፌስታሏ ውስጥ አንድ ነጠላ፣ የፀጉር ቅባትና የስድስተኛ ክፍል ካርድ ነበር። ሐብል አልተገኘባትም። ጥያቄው ሁሉ ግን «ለምን በሌሊት ወጣሽ?» የሚል ሆነ። ስምንት ወር ሙሉ ያልተከፈላት ደመወዝ መዝገቡ ውስጥ አልገባም፤ የጠየቃትም የለም። የደመወዝ ክስ በነፃ ልጻፍልሽ ስላት አንገቷን ደፍታ፣ «ተው ጋሼ፣ እትዬ ይቆጣሉ» አለችኝ። በሐብሉ ማስረጃ ስላልተገኘ በኋላ ተለቀቀች። የተለቀቀችው ግን መንገድ ላይ ነው፤ ሌላ ቤት የሚያስገባት ደላላ ዋስ አምጪ ይላታል፣ «ታስራ ነበር» የሚለውም ወሬ ቀድሟት ደርሷል። አሁን ሌሊት አረቂ ቤት ነው የምትሠራው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትያዝ በምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ይህን ሁሉ የማመለክተው በጀት ስጡ፣ ሕንፃ ሥሩ ለማለት አይደለም፤ ቢሠራ አልጠላም። የምጠይቀው ሕጉ ያለውን ነው፤ የታመነ ሰው።

የእድር ዳኞች፣ ከናንተ ልጀምር። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመጣል ማንንም አትጠብቁም፤ ስም ዝርዝር አላችሁ፣ ጥሩምባ ነፊ አላችሁ፣ ተራ አላችሁ። ከየእድሩ ሁለት ሰው፣ ከየሰበካ ጉባኤውና ከየመስጊዱ ሁለት ሰው፣ «በአካባቢያችን ልጅ ተይዞ ወላጅ ቢታጣለት እኛን ጥሩን» ብለው ስማቸውንና ስልካቸውን ለጣቢያው ይስጡ። ጡረታ የወጡ መምህራን ለዚህ የተፈጠሩ ይመስሉኛል፤ ልጅ መቆጣት ያውቁበታል። ልጁ ቢጠፋብንስ የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። እንግዲህ ዳኞቻችን ይህን አቅልሉልን፤ በቀላል ጥፋት ለተያዘ ልጅ የቆመ ሰው ገንዘብ ሳያሲዝ፣ በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብሎ በመፈረም ብቻ ይውሰደው። ልጁም ቢሆን አንድ ጊዜ የቆመለትን ሰው ለማሳፈር እንደምናስበው አይቸኩልም።

የጣቢያ ኃላፊዎች፣ ዕድሜ የሚለው መስመር ላይ በዓይን ገምታችሁ አትጻፉ፤ ከተጠራጠራችሁ ታናሹን ዕድሜ ያዙና ሐኪም ቤት ላኩት። ልጅን ከአዋቂ ጋር አለማሰር ሕጉ ያዘዘው ነው፤ ክፍል ከጠበበ ልጁ ኮሪደር ላይ ከተረኛው ጋር ቢያድር ይሻላል። የተሰረቀ ዕቃ ይዞ የተገኘ ልጅ ሲመጣ የላከውን ሰው ፈልጉ።

ዐቃቤ ሕጎች፣ አሠሪ ሠራተኛዋን በስርቆት ስትከስ ደመወዟ ተከፍሎ እንደሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ይታወቃል፤ ተማሪዎቹ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ጣቢያዎቹን ዞር ዞር ብለው ቢያዩ ብዙ ነገር ሰኞ ሳይደርስ ያልቃል፤ ዓርብ ማታ የተያዘ ልጅ ሁለቱን ቀን ዝም ብሎ ነው የሚያሳልፈው።

ቀበሌዎች ደግሞ የቤት ቁጥር ለሌለው ልጅ የታመነው ሰው አድራሻ ተጽፎ መታወቂያ የሚሰጥበትን መንገድ ፈልጉለት። ለተጠባባቂ አድራሻነት የኔን የቤት ቁጥር ለሁለት ልጆች መስጠት እችላለሁ፤ ባለቤቴንም አማክሬአታለሁ። ተስማምታለች፤ ብቻ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ይግቡ ብላለች።

የመጀመሪያው ስም ዝርዝር ከየትኛውም እድር ቢመጣ፣ ለጣቢያው የሚገባውን ደብዳቤ፣ የፊርማውን ቅጽና የዕድሜ ማጣሪያውን ማመልከቻ ያለ ክፍያ አዘጋጃለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወንበሬ ላይ ነኝ፤ ዝናብ ከሆነ ጃንጥላው ሥር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ራፖር ጸሐፊ
ጎንደር